በሐሚዳ ቤት የበላሁት

መተማ፣ ኅዳር 12 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለመሪጌታ ውባንተ፤ ጭልጋ።

እንዴት ከረሙ ጋሼ? እኔ ንዳዱ ትቶኛል። ገበያ በእግሬ ወጥቼ እመለሳለሁ፣ እንቅልፍም ይወስደኛል። ይህን የምነግርዎ ጠይቀውኝ አይደለም። ነጋዴው በሽር ደብዳቤዎን ሲያመጣልኝ ስለ ጤናዬ አንድ መስመር ብፈልግ አጣሁ። ጀርባውንም ገልብጬ አየሁት፣ ባዶ ነው።

የጠየቁኝ ሌላ ነው። «ከተክሩር ሴት ቤት ገብተሽ ትበያለሽ የሚሉት እውነት ነው?» ብለዋል። እውነት ነው፣ እበላለሁ። ሰርቄ የተያዝሁ ይመስል እንዲህ ማፋጠጥዎ ግን አናዶኛል፤ ስለዚህ ያልጠየቁኝንም ጨምሬ ልንገርዎ።

ሴትዮዋ ሐሚዳ ትባላለች። አያቷ ከሐውሳ አገር፣ ፀሐይ ከምትጠልቅበት ወገን፣ መካ ልድረስ ብሎ በእግሩ የተነሣ ሰው ነው። እዚህ ሲደርስ ስንቁም ጉልበቱም አለቀና ቀረ፤ ተክሩር የምንላቸው እንዲህ የቀሩትን ነው። እሷ እዚሁ መተማ ተወልዳ ያደገች ናት፤ የአያቷ አገር ግን ከድስቷ አልወጣም። ምግብ የምትሸጥበት ቤቷ ከባምባ ዛፍ ሥር ያለች ክብ ጎጆ ናት። ስምንት ሰው ትይዛለች፣ ዘጠነኛው ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። ሰሌን ተነጥፎ፣ ግድግዳው በነጭ አፈር ተለስኖ፣ ውጭው ሲፋጅ እዚያ ውስጥ ደስ የሚል ጥላ አለ። «ተፈደሊ ያ ኡኽቲ» ትለኛለች፤ ግቢ እህቴ፣ ቁጭ በይ ማለቷ ነው። እጅ ታስታጥባለች። ከዚያ ቱዎ የሚሉት ይመጣል፤ የማሽላ ገንፎ ነው፣ ግን ጠንከር ያለ፣ በቅል ተድቦልቡሎ የሚቀርብ። ወጡ ለውዝ ተወቅጦ በባሚያ የተሠራ ነው። በእጅ ቆርሶ፣ በአውራ ጣት ጎድጎድ አድርጎ፣ ወጡን ጨለፍ አድርጎ መጉረስ ነው። መጀመሪያ ባሚያው ሲዝለገለግ ጉሮሮዬ እምቢ ብሎ ነበር። አሁን ሦስት ቀን ካጣሁት ይናፍቀኛል።

እንዴት እንደ ጀመርሁም ይስሙ። ባለቤቴ በንዳድ በሞተ በወሩ እኔም ወደቅሁ። የአገራችን ሰዎች ገሚሱ ታሞ ገሚሱ ወደ ደጋ ሸሽቶ ነበር። ሐሚዳ አሥራ አንድ ቀን እየተመላለሰች፣ ራሴን ጭኗ ላይ አስደግፋ አጎረሰችኝ። እርስዎ ያን ጊዜ «ጸልዬልሻለሁ» ብለው ላኩብኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጸሎቱም ገንፎውም ደርሶኛል።

ወሬውን ያደረሰልዎ የጎረቤትዎ ልጅ ፈረደ መሆኑን አውቃለሁ። ለጥጥ ንግድ መጥቶ እዚያው ቤት አብሮኝ ተቀምጦ ነበር። ስንት ጊዜ እንዳስጨመረ ይጠይቁት፤ ሦስት ጊዜ ነው።

አሰበችን ለጋብቻ እንደ ጠየቋትም ከእሱ ሰማሁ። የወለድኋት እኔ ነኝ። ቆላው ሕፃን አያስከርምም ብዬ ገና በአራት ዓመቷ ከእርስዎ ዘንድ አኖርኋት እንጂ አልሰጠሁዎትም። ሰርጓ መቼ ነው? ስለ እኔስ ትጠይቃለች?

እህትዎ አየሁሽ


ጭልጋ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለአየሁሽ፤ መተማ።

ሰላምታ አላበዛም። «ትጠይቃለች ወይ» ላልሽው፣ ትጠይቃለች።

ስለ ገንፎና ስለ ባሚያ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈሽልኛል። በወንድምሽ ላይ ለመቀለድ ጊዜ ካገኘሽ በእርግጥም ድነሻል። ግን ፈረደ የነገረኝ መብላትሽን ብቻ አይደለም። አንገትሽ ባዶ ነበር። ማተብሽ የት እንደ ነበረም በዓይኑ አይቷል፤ ከተክሩሯ ድስት አንገት ላይ ታስሮ። ሃይማኖቱን የተወ ሰው ሰምቼ አውቃለሁ። ማተቡን ፈትቶ ለድስት ያሰረ ግን ካንቺ በፊት አልሰማሁም።

ጣሊያን ለእስላም ያደላል ይባላል። ለዚያ ብለሽ ይሆን? ምን ሰጡሽ፣ ስንዴ ነው የይለፍ ወረቀት? አባታችን ሠላሳ ዓመት ባገለገለበት ደብር ቆሜ ሳዜም ሰዎች እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ዜማውን የሳትሁ እየመሰለኝ አቋርጣለሁ። ይህን ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ።

አሰበችን የጠየቋት ቄስ አለነ ናቸው፣ ለዲያቆኑ ልጃቸው። የዲያቆን ሚስት ወገኗ ይጣራል። «እናቲቱ የት ናት፣ በምን ሃይማኖት አለች?» ሲሉኝ ምን ብዬ ልመልስ? ክደሻል ወይስ አልካድሽም? በአንድ ቃል መልሽልኝ፤ ስለ ወጥ አትጻፊልኝ።

ውባንተ


መተማ፣ ጥር 25 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለመሪጌታ ውባንተ።

አልካድሁም። አንዱ ቃል ይኸው። የቀረውን ቢሻዎ ያንብቡት፣ ባይሻዎ ለፈረደ ይስጡት።

ባለፈው ጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱ የእኛ አገር ሰዎች ከሐሚዳ ደጅ ይቆማሉ። ሽታው ይጠራቸዋል፣ እግራቸው አልገባም ይላል። ሥጋው በማን እጅ እንደ ታረደ አያውቁማ። ሐሚዳ ይህን ስታይ ሁለት ድስት ገዛች፣ አንዱን ለእስላም አንዱን ለክርስቲያን። ለክርስቲያኑ ድስት የሚሆነውን ፍየል አጫጆቹ ራሳቸው በስመ አብ ብለው ያርዳሉ። ጭልፋው ሌላ ነው፣ ማማሰያውም ሌላ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ድስት ከአንድ ሸክላ ሠሪ የተገዙ ናቸው፤ በዚያ ጢስ ውስጥ ማን ይለያቸዋል? «ኡኽቲ፣ የእናንተን በምን እናስታውቀው?» አለችኝ። ማተቤን ፈትቼ ከድስቱ አንገት አሰርሁት። አጫጆቹ እሱን አይተው ገቡ፣ በሉ፣ መርቀዋትም ሄዱ። ሌላ ክር ከጎንደር ነጋዴዎች እስካገኝ ስድስት ቀን አንገቴ ባዶ ቆየ። ፈረደ የመጣው በዚያ ሳምንት ነው። ሦስቴ ያስጨመረውም ከዚያው ድስት ነው።

አጥፍቼ ይሆናል። ከቀሚሴ ጫፍ ክር መዝዤ ማሰር እችል ነበር፤ በጊዜው አልታየኝም። ማተቡን ሲያዩ እንዲያምኑ ፈለግሁ፣ አመኑም። እርስዎ ብቻ ነዎት ያላመኑ።

ጣሊያን ምን ሰጠሽ ላሉት፣ ምንም። ከሐሚዳም ሁለት ፍየል ወስዶ እስካሁን አልከፈላትም። ወንድሜ ከሆኑ እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቁኝ። ሰርጉ መቼ እንደ ሆነ ግን አልነገሩኝም። ሁለተኛ መጠየቄ ነው።

አየሁሽ


ጭልጋ፣ የካቲት 18 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለአየሁሽ።

«መቼ ነው» ላልሽው፣ ገና አልተቆረጠም።

የድስቱን ነገር አነበብሁት። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ተናደድሁ። እሺ፣ እኔ አምንሻለሁ እንበል። ቄስ አለነ ዘንድ ሄጄ «እህቴ ማተቧን የፈታችው ለድስት ምልክት ነው» ልበል? ፈረደ ያወራውን ቤት ለቤት እየዞርሁ ላርም? ይህ አገር የሰማውን አይመልስም። አንቺ ሩቅ ተቀምጠሽ ትጎርሻለሽ፣ እዚህ ፊቴን የማሳየው እኔ ነኝ።

መንገዱ አንድ ነው። ቄደር ትጠመቂያለሽ። የካደ ሰው ሲመለስ በሕዝብ ፊት የሚጠመቀው ጥምቀት መሆኑን አባታችን አስተምሮሻል። «አልካድሁም» እንደምትይኝ አውቃለሁ። ባትክጂም ትጠመቂያለሽ፤ ሰው የሚያምነው ውኃውን ሲያይ ነው። ከዚያች ቤትም ሁለተኛ አትገቢም።

ለጸሎቱ የክርስትና ስምሽን እፈልጋለሁ። አባታችን ነበር የሚያውቀው፣ እኔ ረስቼዋለሁ። ቶሎ ላኪልኝ። እምቢ ካልሽ እህት አለኝ አልልም፣ አሰበችም እናት አለኝ አትልም።

ውባንተ


መተማ፣ መጋቢት 14 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለመሪጌታ ውባንተ።

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ደብዳቤዎን ያነበብሁት ሐሚዳ ቤት ነው። በጾም ለእኛ የምትሠራው ወጥ ደርቆ የተወቀጠ የባምባ ቅጠል በሰሊጥ ዘይት ነው። «ምን ብሎሽ ነው ፊትሽ የጠቆረ?» አለችኝ። ነገርኋት። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። «ሂጂ ተጠመቂ» አለችኝ፤ «ውኃ ነው፣ ይደርቃል። ልጅሽን እዪ።» እኔ ግን ሌሊቱን በንዴት ስገላበጥ አደርሁ። ከሞት ያተረፈችኝን እጅ እንደ ርኩስ ቆጥሬ በሕዝብ ፊት ልታጠብ ነው። ከዚህ የባሰ ውርደት ደርሶብኝ አያውቅም። እርስዎ ይህን እንዳደረጉብኝ አልረሳም።

እጠመቃለሁ። ለአሰበች ስል ነው እንጂ ለእርስዎ ወይም ለፈረደ ብዬ አይደለም። አንድ ነገር ግን ይወቁልኝ፦ ውኃው ውስጥ ቆሜ ስለ ሐሚዳ ክፉ ቃል ተናገሪ ብትሉኝ አልናገርም።

የክርስትና ስሜ ወለተ ኪዳን ነው። መቼ እንድመጣ ይጻፉልኝ። ከፋሲካ በኋላ ነጋዴዎች ይወጣሉ፣ አብሬያቸው እመጣለሁ። ለአሰበች የሱዳን ሽቶና አንድ ቀሚስ ይዤላታለሁ። ቁመቷን ስለማላውቅ ረዘም አድርጌ አሰፋሁት።

እህትዎ አየሁሽ


ጭልጋ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለአየሁሽ፤ መተማ።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ንዳዱ ተመልሶብሽ አያውቅም? ራስሽን ጠብቂ፣ እርጥብ መሬት ላይ አትተኚ።

«መቼ ልምጣ» ላልሽው፣ አሁን አትምጪ። በየኬላው ጣሊያን ወረቀት ይጠይቃል፣ ጫካው በሽፍታ ተሞልቷል፣ ዝናቡም እየቀረበ ነው። ሰርጉ ለሌላ ዓመት ተላልፏል፤ ስለዚህ የሚያስቸኩልሽ ነገር የለም። ቄደሩም ይቆይ። አሰበች ደህና ናት፤ ትንሽ ከስታለች እንጂ ሌላ ነገር የለባትም። ሽቶውንና ቀሚሱን በሽር ያመጣላታል፣ ለእሱ ስጪው።

አንድ ቅል ማር ልኬልሻለሁ። ነይ ብዬ ካልላክሁብሽ በቀር አትነሺ።

ወንድምሽ ውባንተ


መተማ፣ ኅዳር 8 ቀን 1932 ዓ.ም.

ውባንተ፤

«ጋሼ» ማለቱን ትቻለሁ፣ «እርስዎ» ማለቱንም። ለገደለኝ ሰው ክብር የለኝም።

«ማሩ ደረሰሽ ወይ» ብለህ በበሽር አስጠይቀኸኛል። ደርሷል፣ በልቼዋለሁ። ከተዝካሬ ጠጅ የተረፈ መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅሁም።

መንገዱ ክፉ ነው ብለህ ከለከልኸኝ። ክረምቱን ታግሼ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ተነሣሁ፤ መንገዱ ደህና ነው። ሐሚዳ ለስንቅ የተቆላ ለውዝ፣ ለመሸጫ የደረቀ ባሚያ ቋጠረችልኝ። ጭልጋ፣ አይከል ከተማ የገባሁት በቅዳሜ ገበያ ነው። ቤትህ ከመድረሴ በፊት ልጄን ከሩቅ ልያት ብዬ ነጠላዬን ተከናንቤ ቅመም ሻጮቹን ጠየቅሁ። «የመሪጌታ ውባንተ የእህት ልጅ? ያቻት፣ ጥቁር የለበሰችው» አሉኝ። ማን ሞቶባት ነው አልሁ። «እናቷ ናታ። በጾሙ ቆላ ሞታ፣ መሪጌታ ከፋሲካ በኋላ ተዝካሯን ለጉድ አወጡላት። ግንቦት ላይ ደግሞ ያለ ዘፈን ዳሯት፣ ለቄስ አለነ ልጅ» አሉኝ። ሁለት በሬ አርደሃል አሉ። በሕይወት ሳለሁ አንዲት ዶሮ ያልላክህልኝ ሰው!

የክርስትና ስሜን የፈለግኸው ለፍትሐቱ ነበር። በገዛ እጄ ጽፌ ላክሁልህ።

አጠገቧ ባሚያዬን ዘርግቼ ተቀመጥሁ። ቁመቷ አባቷን ነው፤ ቀሚሱ አጥሯት ይሆናል። «ይህ ምንድነው እማማ?» አለችኝ። ባሚያ ነው፣ ከመተማ ያመጣሁት ነው አልኋት። መተማ ስል ያነሣችውን ባሚያ መልሳ አስቀመጠች።

«እናቴ እዚያ ነው የሞተችው። አየሁሽ ትባላለች። ያውቋት ነበር?»

«አውቃት ነበር።»

«ስትታመም እህል የሚያቀምሳት ሰው ነበራት? ዘመድ አልነበራትም። ተርባ ሞታ ይሆናል እያልሁ እህል አልወርድ ብሎኛል።»

«ነበራት። ሐሚዳ የምትባል የተክሩር ሴት አሥራ አንድ ቀን ጭኗ ላይ አስደግፋ አጎርሳታለች።»

«እስላም ናት?»

«እስላም ናት» አልሁ። እሷም «እግዜር ይስጣት» ብላ አለቀሰች። ሰማህ ወይ ውባንተ? የዲያቆን ሚስት ናት እንዲህ ያለችው።

አልቻልሁም። ነጠላዬን ከፊቴ ገለጥሁና «አሰበች፣ እኔ ነኝ» አልኋት። አየችኝ። በልጅነቷ በጣቷ ትዳስሰው የነበረውን የቅንድቤን ጠባሳ ስታይ አወቀችኝ፤ ስላወቀችኝም ፈራች። በስመ አብ ብላ አማተበችብኝና ዘንቢሏን ጥላ ሮጠች። ልጄ ከእኔ ሮጠች። ባሌ ሲሞትብኝ እንኳ እንደዚያ አላለቀስሁም። ቤትህ አልመጣሁም፤ ብመጣ ምን እንደማደርግህ አላውቅም ነበር።

ትዳሯን ላፈርስ አልፈልግም። ግን ሙት ሆኜ አልኖርም፣ ልጄም ሙት አይታ እንደ ባነነች አትኖርም። ከእኔ አፍ ብትሰማ አታምንም፤ የአንተን ግን ታምናለች። ስለዚህ አንተው ንገራት። እስከ ገና ካልነገርሃት ለጥምቀት እመጣለሁ። ታቦቱ ሲወጣ፣ አገሩ ሁሉ ሲሰበሰብ፣ ፊትህ ቆሜ «ወለተ ኪዳን እኔ ነኝ» ብዬ እጮሃለሁ።

አየሁሽ


ጭልጋ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1932 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለአየሁሽ፤ መተማ።

ነገርኋት።

ያስነገረኝ ዛቻሽ አይደለም ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ቀደድሁት። ዛቻሽም ነው። ነገር ግን ሌላም አለ።

ከገበያው ቀን ጀምሮ አሰበች እህል በወጉ አልቀመሰችም። እናቴ ከመቃብር ተነሥታ መጣች፣ አልተፈታችም እያለች ትቃዣለች። ጸበል ረጯት። ዛቻሽ በደረሰኝ ማግሥት ቄስ አለነ እኔን አስጠሩኝ፣ ድርሳን እንዳነብላት። መንፈሱን አስወጣልን አሉኝ። አንቺን ነው፣ አየሁሽ። ልጅቱ ተጋድማ፣ አማቶቿ ዙሪያዋን ቆመው፣ እኔ መጽሐፉን ገልጬ ቆምሁ። ሠላሳ ዓመት ያነበብሁት መጽሐፍ ነው። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ዘጋሁትና በሁሉም ፊት «አልሞተችም፤ ዋሽቼ ነው» አልሁ።

«እንዴት ቻልህ» እንደምትይኝ አውቃለሁ። ቄስ አለነ እናቲቱ የት ናት ሲሉኝ ሞታለች አልሁ፤ በአንድ ቃል ተገላገልሁ መስሎኝ ነበር። የሞተ ሰው ደግሞ ተዝካር አለው። ደብዳቤሽ ስምሽንና እሺታሽን አንድ ላይ ይዞ ደረሰኝ። ጠላው ተጠምቆ፣ ካህናቱ ተጠርተው ነበር። ስሙን ወሰድሁ፣ እሺታሽን ተውሁት። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ ይቅር ብትይኝ አላምንሽም።

አሰበች አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ታዲያ ተርባ አልሞተችም?» አለች። አልሞተችም፣ ስታወጋሽ የነበረችው እሷ ናት አልኋት። እንጀራ አምጡልኝ አለች።

ከአገልግሎት አግደውኛል፤ ከቅኔ ማህሌቱ ውጭ ቆሜ አስቀድሳለሁ። ቄስ አለነ ደግሞ «ቆላ ከወረደች ተመልሳ ቤቴ መግባቷን እንጃ» ብለዋል። ባሏ ከአባቱ ቃል አይወጣም። እሷ ጥቁሩን አውልቃ፣ ደብቄ ያቆየሁትን ያንቺን ቀሚስ ለብሳለች፤ ቁርጭምጭሚቷ ይታያል። ቅዳሜ ከበሽር ጋር ትነሣለች።

እኔ አሁንም ትክክል ነሽ አላልሁም። ማተብ አይፈታም፤ ይህን እስክሞት አልተውም። ቄደሩም እንደ ቆየ ነው። ልጅቱ ግን ቆላ አታውቅም፤ አጎበር ፈልጊላት፣ ውኃውን አፍልተሽ አጠጫት። መንገዱ አምስት ቀን ነው፣ ርቧት ነው የምትደርሰው። ማን ቤት አስገብተሽ ምን እንደምታበያት አልጠይቅሽም።

ውባንተ